በደሴና በኮምቦልቻ የዕለት ኑሮን ፎቶ ማንሳት፦ የሚቀድመው ብርሃኑ ነው ወይስ ሰውየው?

የጦሳ_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚኖርና ካሜራ ያለው ሰው ዘወትር የሚጠይቀውን ጥያቄ ለውይይት ላቀርብ እፈልጋለሁ። በዓል በሌለበት፣ እንግዳ በማይመጣበት፣ ተራ በሆነ ማክሰኞ ቀን ምን ፎቶ ይነሳል? ብዙዎቻችን ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ የምንሄድበትን ቀን እየጠበቅን ካሜራችንን ቦርሳ ውስጥ እናስቀምጣለን። በእኔ እምነት ይህ የሚሆነው የምንኖርበትን ሰፈር ብርሃን ጠንቅቀን ስለማናውቅ ነው፤ ብርሃኑን ያወቀ ሰው የሚያነሳው ነገር አያጣም።

ደሴ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ያቀፏት ከተማ ስለሆነች የፀሐይዋ ጉዳይ ሜዳ ላይ ካለ ከተማ ይለያል። ፀሐይ በሰማይ ላይ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች፤ እኛም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምንገኝ አወጣጧና አገባቧ ወደ ቀጥታ የተጠጋ ነው። ተራራው ከአድማስ በላይ 8 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ በሚታይበት ሰፈር ለቆመ ሰው፣ ፀሐይ ሜዳ ላይ ካለው ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድማ ትሰወራለች። ስለዚህ ስለ ወርቃማው የማታ ብርሃን በሌላ አገር የሚነገረው ምክር እኛ ዘንድ በጣም ያጥራል። በምትኩ ግን ሌላ ነገር አለን። ጦሳ ፀሐይዋን ከጋረዳት በኋላ ሰማዩ ገና ብሩህ ሆኖ ይቆያል፤ የፒያሳና የአራዳ መንገዶች በአንድ ሰፊና ለስላሳ ጥላ ውስጥ ይገባሉ፤ በምሥራቅ ያለው ከፍታ ደግሞ የመጨረሻውን ፀሐይ ይዞ ይቆያል። በዚህ ሰዓት የሰው ፊት ከዓይን ሥር ጥቁር ጥላ አይኖረውም፤ ነጠላውም ጋቢውም የሽመናው መስመር ሳይጠፋ ይነሳል። ሰው ከሥራ የሚመለሰው፣ እናቶች ከጉሊት የሚሸምቱት፣ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው በየሱቁ በር የሚቆሙትም በዚሁ ሰዓት ነው።

ስለ ቀትር አጭር ነገር ልበል። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ በቀትር አናታችን ላይ በቀጥታ ትቆማለች፤ በእነዚያ ሳምንታት ከቤት ውጭ በቀትር ፊት ለማንሳት የሚሞክር ሰው ከበረንዳ ወይም ከቆርቆሮ ክዳን ሥር መግባት አለበት። በታኅሣሥ ግን የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል፣ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ በረንዳ ቀኑን ሙሉ በጥላ ይውላል። በዚህ ወቅት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አውጥቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ካገኛችሁ ከጠዋት እስከ ማታ የማይለዋወጥ ብርሃን አገኛችሁ ማለት ነው።

ሌንስን በተመለከተ ዘንድሮ በጋውን በሙሉ በአንድ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ብቻ ለመሥራት ወስኛለሁ፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው ባለ 18-55 ሌንስ በ55 ላይ ሲሆን የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው፤ የ50ው ሌንስ በኤፍ 1.8 ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ይህ ልዩነት በሻይ ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ መሥራት መቻልና አለመቻልን የሚወስን ነው። ዋጋም ያስከፍላል፤ አነስ ያለ ሴንሰር (ምስሉ የሚያርፍበት ክፍል) ባለው ካሜራ አንድ ሰው ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ በኤፍ 1.8 ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ዓይኑ ጠርቶ ጆሮው ይደበዝዛል። በኤፍ 4 ግን ጥልቀቱ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ የሊስትሮው እጅና የሚጠርገው ጫማ አብረው ይጠራሉ።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ብርሃኑ የሚያምርበትን አንድ ጥግ እመርጣለሁ፤ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ በገዛ መዳፌ ላይ ለክቼ አስተካክላለሁ፤ ከዚያ ሰው ወደዚያ ብርሃን እስኪገባ ድረስ እጠብቃለሁ። እናንተስ ብርሃኑን ነው የምታስቀድሙት ወይስ ሰውየውን? በየትኛው ሌንስስ ትሠራላችሁ?

ቦርከና_ዳር

ወንድሜ፣ ስለ ደሴ ያልከው ሁሉ ትክክል ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። እኛ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እናንተ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናችሁ፤ በመካከላችን 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ብቻ ቢኖርም ብርሃኑ የሌላ አገር ብርሃን ይመስላል። የእኛ ከተማ ሰፋ ባለ ሜዳ ላይ ስለሆነች ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ በመንገዱ ላይ በረጅሙ ትተኛለች። በበጋ አቧራው በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ከፀሐይ አቅጣጫ ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያነሳ ሰው የባጃጁ፣ የብስክሌቱና የእግረኛው ጠርዝ በብርሃን ክር ተከብቦ ይታያል።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ያ የምትንቀው 18-55 ሌንስ በቂ ነው እላለሁ። ፀሐይ ፊት ለፊት ካለ ብርሃን አይጎድልም፤ ኤፍ 8 ላይ ማንኛውም ሌንስ ጥሩ ይሠራል። የሚያስፈልገው የሌንሱን ፊት ማጽዳትና ኤክስፖዠሩን ከሰማዩ ላይ መለካት ነው። በእኔ በኩል ከሁሉ የምወደው የፋብሪካ ሠራተኞች ፈረቃ የሚቀያየሩበት ሰዓት ነው። የሚወጣው ደክሞ፣ የሚገባው ትኩስ ሆኖ በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፤ ሁለቱን ፊቶች በአንድ ፎቶ ማግኘት ይቻላል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዚያ በኩል የወጣት ሴቶች ሠራተኞች ምልልስ የከተማዋ የዕለት መልክ ሆኗል። ይሁንና በር ላይ ቆሞ ማንሳት ጥበቃዎቹን ያሳስባቸዋልና ራቅ ብሎ አስፋልቱ ዳር መቆም፣ ሠራተኞቹንም አነጋግሮ ማንሳት ይሻላል።

የድሮ_ፎቶ_ቤት

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ብሎኛል። እኔ በደሴ ፎቶ ቤቶች ውስጥ በፊልም ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝና ከዚያ ሙያ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

በእኛ ጊዜ ፊልሙ 36 ፎቶ ነበረው፤ ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ ምን እንደያዝን አናይም። ስለዚህ ብርሃንን በዓይን መለካት ግዴታ ነበር። በደማቅ ፀሐይ ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ አድርገን፣ የሻተሩን (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ) ፍጥነት ለብርሃን ያለውን ስሜት ከሚያሳየው የፊልሙ ቁጥር ጋር እናስተካክል ነበር፤ ፊልሙ 100 ከሆነ ሻተሩ በ1/100 ወይም በ1/125 ሰከንድ ይሠራል። ቀለል ያለ ደመና ሲመጣ ወደ ኤፍ 11፣ ከባድ ደመና ሲሆን ወደ ኤፍ 5.6 እንወርዳለን። ይህ ሕግ ዛሬም በዲጂታል ካሜራ ላይ አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) በፊልሙ ቁጥር ቦታ አድርጎ ይሠራል። አንድ ወጣት ለአንድ ሳምንት ያህል ካሜራው የሚነግረውን ሳያይ በዚህ ሕግ ብቻ ቢሠራ ከዚያ በኋላ ብርሃንን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

ሁለተኛው ነገር የበርና የመስኮት ብርሃን ነው። ብዙ ቤቶቻችን ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ጠባብ ስለሆነ ሰዎች ውስጡ ጨለማ ነው ብለው ፍላሽ ያበራሉ። ፍላሽ ያን ቤት ይገድለዋል። ከጠባብ መስኮት የሚገባ ብርሃን በርቀት እጅግ ፈጥኖ ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይጠጋል። ከመስኮቱ አንድ ሜትር ላይ የተቀመጠች እናት በሁለት ሜትር ላይ ካለው ግድግዳ አራት እጥፍ ያህል ብርሃን ታገኛለች ማለት ነው። ስለዚህ ሰውየውን ወደ መስኮቱ ማቅረብ ብቻውን ግድግዳውን ያጨልመዋል፤ የተዝረከረከውም ዕቃ በጥላ ውስጥ ይጠፋል። ከጥላው በኩል ያለው ጉንጭ በጣም ከጠቆረ አንድ ክንድ የሚሆን ነጭ አቡጀዲ በዚያ በኩል ዘርጉና ተመልከቱ። እኛ ለመታወቂያ ፎቶም ሳይቀር ይህን እናደርግ ነበር።

ሌንስ መቀያየር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የፊትን ቅርጽ የሚወስነው ርቀታችሁ መሆኑን አትርሱ። በሰፊ ሌንስ ተጠግታችሁ ስታነሱ አፍንጫ የሚያብጠው ስለተጠጋችሁ ነው። ከሁለት ሜትር ላይ ቁሙ፤ ከዚያ ወዲያ የትኛውም ሌንስ ፊቱን አያበላሸውም።

ቶና_በረካ

ጋሼ፣ እርስዎ ስለ አቡጀዲው የነገሩንን ነገ ከነገ ወዲያ ሳልል እሞክረዋለሁ፤ ዕድሜ ይስጥልን።

ውይይቱን ከከፈተው ሰው ጋር ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ብርሃን መርጦ፣ ኤክስፖዠር አስተካክሎ፣ ሰው እስኪገባ መጠበቅ ወጥመድ ዘርግቶ ወፍ እንደ መጠበቅ ነው። የሚገባው ሰው ማንም ቢሆን ለፎቶው ልዩነት የለውም። እኔ የዕለት ኑሮ ፎቶ የምለው የሚነሳው ሰው ማን እንደሆነ የሚያሳየውን ነው፤ ያን ለማግኘት ደግሞ ከሰውየው ጋር መቀመጥ ያስፈልጋል።

የምሠራው በአብዛኛው ቤት ውስጥ፣ ቡና ላይ ነው። የእኛን የወሎን ቡና የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አቦል ሲቀዳ ምርቃትና ዱዓ አለ፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት ካሜራ አላወጣም። ካሜራው የሚወጣው ቶናው ላይ ነው፤ ያኔ ወሬው ደርቷል፣ እጆች ይንቀሳቀሳሉ፣ አሮጊቷ ለልጅ ልጃቸው ፈንዲሻ ያቀርባሉ፣ እኔም የቤት ሰው ሆኛለሁ። በረካ ላይ ሲደረስ ካሜራ መኖሩን የሚያስታውስ የለም። በአቦል ያነሳ ሰው የሚያገኘው ለካሜራው የተቀመጡ ሰዎችን ነው።

ሌንስን በተመለከተ 50ው በእኛ ቤቶች ውስጥ ያስቸግራል። ትንሽ ሴንሰር ባለው ካሜራ ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ የሚያሳየው ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ፊትና እጅ ይገባሉ፣ ረከቦቱ ይቆረጣል። ባለ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከዚያው ቦታ 1 ሜትር ከ85 ገደማ ያሳያል፤ ጀበናዋ፣ ረከቦቱ፣ ቄጤማው፣ የምትቀዳው ሴትና አጠገቧ ያለችው ጎረቤት አብረው ይገባሉ። ጭስ ማሳየት የሚፈልግ ሰው የእጣኑ ማጨሻ ከእርሱና ከመስኮቱ መካከል እንዲሆን አድርጎ፣ ከጀርባው ጥቁር ግድግዳ ያለበትን ማዕዘን ይፈልግ፤ ብርሃን ከኋላ ወይም ከጎን ካልመታው ጭስ በፎቶ ላይ አይታይም። ቡናው ከጀበና ሲወርድ በ1/250 ሰከንድ ብታነሱት ጠብታው ይቆማል፤ በ1/30 ብታነሱት ወጥ ክር ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ቀጂዋ እጇን ሳታንቀሳቅስ እየቀዳች መሆኑን የሚያሳየው እርሱ ነውና።

የጦሳ_ማዶ

እኅቴ፣ የተናገርሽው ከባድ ነገር ነው፤ ቆም ብዬ አሰብኩበት። አቦሉ ላይ ካሜራ አለማውጣትን የመሰለ ሥርዓት ከየትኛውም የፎቶ ትምህርት አይገኝም፤ እኔም እቀበለዋለሁ።

ነገር ግን ጥጉን መርጬ የምጠብቀው ማንም አላፊ አግዳሚ እስኪገባ አይደለም። ሰፈሬ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ ስቆም በዚያ የሚያልፉትን አውቃቸዋለሁ። ጠዋት እንጀራ ይዘው ወደ ምግብ ቤት የሚያደርሱትን ሴት፣ ከሰል የሚያራግፈውን ልጅ፣ ከመስጊድ ሲመለሱ ዱላቸውን ተደግፈው የሚያርፉትን አባት ለይቼ አውቃለሁ፤ እነርሱም ካሜራዬን ያውቁታል። ብርሃኑ በየትኛው ሰዓት በዚያ ግድግዳ ላይ እንደሚያርፍ ካወቅሁ፣ እኒያ አባት ሲያርፉ ፊታቸው በክብር እንዲታይ ማድረግ እችላለሁ። ብርሃኑን አስቀድሜ ካላዘጋጀሁ ግን ካሜራዬን ስነካካ ይነሣሉ፤ ወይም እንዲጠብቁኝ እጠይቃቸዋለሁ። አንድን ሽማግሌ ለፎቶ ብሎ ማስቆም ደግሞ አንቺም የምትወጂው አይመስለኝም። መንገድ ላይ ለሰው ያለኝ አክብሮት የሚገለጸው በዝግጅቴ ነው። ቤት ውስጥ ግን ያንቺ መንገድ ይበልጣል።

ሰኞ_ገበያ_አካባቢ

እኔ ካሜራ የለኝም፤ ያለኝ መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክ ብቻ ነው። የገበያውን ሰዎች ማንሳት እወዳለሁ፤ ፎቶዎቼ ግን ወይ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፣ ወይ የሰዎቹ ፊት ይጠቁራል። ስለ ሌንስ የምትሉት ለእኔ የሚሠራ ነገር አለው?

ቦርከና_ዳር

አብሽር፣ ይሠራል። የስልክህ ዋና ሌንስ በትልቁ ካሜራ ልኬት 24 ወይም 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቶና_በረካ በትንሽ ሴንሰር ላይ ከጠቀሰችው ባለ 24 ሌንስ የበለጠ ሰፊ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሥራህ መቅረብ ነው፤ በጣትህ ስበህ ስታቀርበው ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን ይቆርጠዋል እንጂ ሌንስ አይለውጥም።

የፊት መጥቆር ምክንያቱ ይህ ነው። ማንኛውም ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል፤ ብሩህ ሰማይ ወይም ነጭ ነጠላ ክፈፉን ከሞላው ሁሉንም ያጨልመዋል፤ ፊቱም አብሮ ይጠቁራል። ጣትህን በሰውየው ፊት ላይ አሳርፈህ ጥቂት ብትይዘው ስልኩ መለኪያውን እዚያው ይቆልፋል፤ ከዚያ ጣትህን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በማንሸራተት ብርሃኑን ታስተካክላለህ። ሰማዩን ለማዳን ግን ከሁሉ የሚሻለው ሰማዩን ከፎቶው ማስወጣት ነው። ሰውየው ከግድግዳ፣ ከጆንያ ክምር ወይም ከሱቅ በር ፊት እንዲሆን ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሂድ። ዳራውን አደብዝዞ የሚያሳየውን የስልክ ዘዴ ግን ገበያ ላይ አልመክርህም፤ ብዥታው በስሌት የሚፈጠር ስለሆነ የጥምጣሙን ጫፍና የዘንቢሉን እጀታ ይበላቸዋል።

ሆጤ_07

አንድ ጥያቄ አለኝ። ከአንድ ዘመዴ ያገኘሁት አሮጌ ዜኒት ካሜራ አለ፤ ላዩ ላይ ሄሊዮስ 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 የሚል ሌንስ ተገጥሞበታል። ለካኖን ዲጂታል ካሜራዬ ልጠቀምበት እችላለሁ?

የድሮ_ፎቶ_ቤት

የሚጠመዘዝ ከሆነ ትችላለህ፤ ሌንሱ ከካሜራው ጋር የሚያያዝበት፣ ኤም 42 የሚባለው ጥርስ ነው። ለካኖን ተራ የብረት ማገናኛ ይበቃዋል፤ ሩቅ ያለውንም ቅርብ ያለውንም ያጠራል። ኒኮን ያለው ወዳጅህ ግን እንዳይቀናብህ ንገረው፤ በኒኮን ላይ ሌንሱ ከሴንሰሩ የሚርቅበት ርቀት ስለማይገጥም ተጨማሪ መስተዋት የሌለው ማገናኛ ሩቁን አያጠራም። ፎከሱን በእጅህ ነው የምታደርገው፤ ይህም ለተማሪ መልካም ነው። ዛፍ ወይም አጥር ከሰውየው ኋላ ራቅ ብሎ ሲኖር በኤፍ 2 ዳራው ዙሪያውን የሚሽከረከር መስሎ ይደበዝዛል፤ የዚያ ሌንስ መልክ ነውና ከየትኛው ዳራ ጋር እንደሚስማማ ሞክረህ እየው።

ሸዋበር_ልጅ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የጦሳ_ማዶ ስለ ማታው ጥላ የጻፈውን ሳነብ በረመዳን ከማፍጠሪያ በፊት ያለችው ሰዓት ትዝ አለችኝ፤ በእኔ ግምት በደሴ ውስጥ ከእርሷ የተሻለ የፎቶ ሰዓት የለም። ፀሐይ ከጦሳ ኋላ ገብታለች፤ መግሪብ ግን ገና ነው። በዚያች መካከል ሸዋ በር ላይ ሳምቡሳ የሚጠብሱ፣ ቴምር የሚሸጡ፣ ለቤታቸው ፈጥነው የሚራመዱ ሰዎች መንገዱን ይሞሉታል። ጾመኛው ደክሟል፤ ፊቱ ግን ደስታ አለበት፤ ሁለቱም በአንድነት ይታያሉ።

የብርሃኑ ነገር ደግሞ ሙከራ ለሚወድ ሰው ሰፊ ነው። ከሰማዩ የሚወርደው ጥላ ሰማያዊ ቀለም አለው፤ በብርሃን ቀለም መለኪያው በኬልቪን ሲለካ 7,000ን ያልፋል። የሻጮቹ አምፖል ደግሞ ቢጫ ሲሆን ከ2,700 እስከ 3,000 ገደማ ነው። ካሜራውን በራሱ እንዲመርጥ ከተዋችሁት ሁለቱን ለማስታረቅ ብሎ ሁለቱንም ያደበዝዛቸዋል። እኔ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) 4,000 አካባቢ ላይ ቆልፌ እተወዋለሁ፤ የሻጯ ፊት በዘይቱ መጥበሻ በኩል ሞቅ ብሎ፣ ከኋላዋ ያለው መንገድ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ጋር አንድ ጥንቃቄ አለ። በአገራችን የመብራት ኃይሉ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የሱቅ ቱቦ መብራትና አንዳንድ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። በ1/500 ሰከንድ ካነሳችሁ ፎቶው ላይ አግዳሚ ጥቁር መስመር ሊወጣ፣ ወይም አንዱ ፎቶ ደማቅ ሌላው ጨለም ያለ ሊሆን ይችላል። በ1/100 ወይም በ1/50 ብትሠሩ ችግሩ ይጠፋል። ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሻተር ደግሞ በእንዲህ ዓይነት መብራት ሥር ባትጠቀሙ ይመረጣል።

ገራዶ_ጭጋግ

ሁላችሁም ስለ በጋ ጻፋችሁ። ክረምቱን ማን ያነሳዋል? በሐምሌ ጭጋጉ ከተማው ላይ ሲወርድ ብዙ ሰው ካሜራውን ያስቀምጣል፤ እኔ የማወጣው ያኔ ነው። ጭጋግ ዳራውን ሁሉ ያጠፋዋል፤ የቀረበው ሰው ብቻ ጠቁሮና ጎልቶ ይወጣል፤ በውድ ሌንስ የሚገኘውን መለያየት በነጻ ይሰጣል። ካሜራው ግን ነጩን ወደ ግራጫ ስለሚጎትተው ኤክስፖዠሩን በአንድ ደረጃ ያህል ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የደሴ ጭጋግ የከሰል ጭስ ይመስላል።

ከዝናብ በኋላ ያለውም አስፋልት ሰማዩን መልሶ ወደ ፊት ስለሚያበራ ከአገጭና ከኮፍያ ሥር ያለውን ጥላ ይከፍተዋል። ከውጭው ብርድ ቡና ወደሚፈላበት ቤት ስትገቡ ግን ካሜራውን ወዲያው አታውጡት። በቀዘቀዘ ሌንስ ላይ እንፋሎት ይጋገርበታል፤ በጨርቅ ብትጠርጉት ይመለሳል። ቦርሳው እንደተዘጋ ከቤቱ ሙቀት ጋር እስኪለማመድ ተዉት። ቶና_በረካ እንዳለችው አቦሉ እስኪጠጣ ከጠበቃችሁ ሌንሱም ይደርስላችኋል።

ቶና_በረካ

በአንድ ጉዳይ ላይ የሁላችሁንም አስተያየት እፈልጋለሁ። ከሩቅ የሚያቀርብ ረጅም ባለ 70-300 ሌንስ ይዘው ገበያ ዳር ሆነው ሴቶችን ሳያስፈቅዱ የሚያነሱ ወጣቶች እየበዙ ነው። በጉሊት የምትሸጥ ሴት ፎቶዋን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከሌላ ሰው ስልክ ስታየው የሚሰማትን አስቡት።

የጦሳ_ማዶ

ረጅም ሌንስ ራሱ ጥፋት የለበትም፤ እኔም የሐረጎን መንገድ ከሩቅ ለማንሳት እጠቀምበታለሁ፤ መታጠፊያዎቹን አቀራርቦ አንዱን በሌላው ላይ ደራርቦ ያሳያቸዋል። ሰውን ለማንሳት ግን ሰላም ማለት ከማይቻልበት ርቀት ላይ ባልቆም እመርጣለሁ። ሳልጠይቅ ያነሳሁት ቅጽበት ካለ ቀርቤ አሳያለሁ፤ ደስ ካላላቸው በፊታቸው እሰርዛለሁ። ፎቶውን አሳጥቤ እሰጣለሁ ካልኩም ባልኩት ቀን ይዤ እገኛለሁ፤ አንድ የታጠበ ፎቶ በእጃቸው ሲገባ ከዚያ ወዲያ ያ ጉሊት በሙሉ ይቀበለኛል። ከዚህም ሌላ ፍተሻ ባለበት፣ በወታደራዊ ቦታና በድልድይ አካባቢ ካሜራ አለማውጣት ለራስም ለሚነሳውም ሰው ደኅንነት ነው፤ ይህን አዲስ ጀማሪዎች እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ሰኞ_ገበያ_አካባቢ

በተባለው መሠረት መለኪያውን ፊታቸው ላይ ቆልፌ፣ አስፈቅጄ፣ በርበሬ የሚሸጡ እናት አነሳሁ። ሰማዩም ዳነ፣ ፊታቸውም በራ። አዲስ ችግር ግን መጣ፤ ፊታቸው ሰማያዊ ሆነብኝ፤ በርበሬውም ወይን ጠጅ መሰለ።

የድሮ_ፎቶ_ቤት

የተቀመጡት ከሰማያዊ ሸራ ሥር ነው ማለት ነው። ፀሐይ በሸራው ውስጥ ስታልፍ ቀለሙን ይዛ ትወርዳለች፤ ብርቱካናማ ሸራም ቢሆን የዚያኑ ያህል ፊትን ያቀላል፤ ባለ ቀለም ዣንጥላም እንዲሁ ነው። በኋላ ስልኩ ላይ ላስተካክለው ብትል ፊታቸውን ስታድን ከሸራው ውጭ ያለው መንገድ ቢጫ ይሆንብሃል፤ ሁለት ዓይነት ብርሃን በአንድ ፎቶ ውስጥ ስላለ ነው። መፍትሔው የሸራው ጠርዝ ነው። ከጎን የሚገባው የሰማይ ብርሃን ከላይ ከሚወርደው የሸራ ብርሃን የሚበረታው በጠርዙ በኩል ነውና፣ እናቲቱ ዕቃቸውን ሳያነሱ ፊታቸውን ብቻ ወደ ውጭ ሲያዞሩ፣ ለምሳሌ ገዢ ሲያነጋግሩ ወይም ሚዛን ሲያነሱ፣ ያኔ አንሳ። አንተም ከውጭ በኩል ቁም፤ ነጭ ወይም ፈካ ያለ ልብስ ለብሰህ ከሆነ ልብስህ ራሱ ብርሃን ይመልስላቸዋል። በርበሬውን ለብቻው ልታነሳው ከፈለግህ ጥቂት ዛላ በመዳፋቸው ይዘው ወደ ጠርዙ እንዲዘረጉልህ ጠይቃቸው፤ ቀለሙ በትክክል ይመጣል።